ከድንበሩ ወዲህ ቆሜ ያነሳኋት ቀይ አበባ

አርባ ምንጭ ውስጥ ካሜራ የያዘ ሁሉ አዞና ጉማሬ በሚያሳድድበት ዘመን፣ እኔ በአራት መቶ ሚሊ ሜትር ሌንስ አበባ አነሳ ነበር። ይህን የምጽፈው ለመኩራራት ነው። ሰው በራሱ ጥረት ባገኘው ሙያ ካልኮራ በምን ሊኮራ ነው?

ጊዜው በእኛ አቆጣጠር የሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት ነበረችኝ። ጉርድ ፎቶ፣ የልደት፣ የሠርግ፣ የመጣውን ሁሉ አነሳለሁ። አንድ ቀን ጫሞ ሐይቅ ላይ አዞ ሊያነሳ የመጣ የውጭ አገር ሰው፣ ክንድ የሚያህል ሌንስ በፎጣ ጠቅልሎ ገባ። ከጀልባ ሲወርድ ጥሎት የማጥሪያ ቀለበቱ አልዞርም ብሎታል። ከአራተኛ ክፍል በላይ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፤ ሌንስ ፈትቼም አላውቅም። «ይሠራል» አልኩት። ሁለት ቀን ፈታሁ፣ ገጠምኩ። እንግዳው መሄጃው ደረሰና ተስፋ ቆርጦ «ያንተ ይሁን» ብሎኝ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ቀለበቱ ልስልስ ብሎ ዞረ። እስከ ዛሬ ይዞራል።

የሰፈሩ ሰው ሌንሱን «መድፉ» ይለው ነበር። አንድ ጊዜ ኬላ ላይ አንድ ፈታሽ አስቆመኝ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የካሜራ ዓይን ነው።»

«ምን ይመታል?»

«አበባ።»

ፈታሹ ያሾፍኩበት መስሎት ፊቱን ቋጠረ። ከመንገዱ ማዶ አጥር ላይ የተንጠለጠለችውን ቡገንቪላ አነጣጥሬ መመልከቻውን ዓይኑ ላይ አደረግኩለት። ለረጅም ጊዜ አልተነሳም። ከኋላዬ የቆመው አውቶቡስ ጥሩምባ ሲነፋ ነው ቀና ያለው። «እለፍ» አለኝ፤ «ሰው ላይ ግን እንዳታዞረው።»

ረጅም ሌንስ ለሩቅ ነገር ነው የተሠራው። እኔ ግን አበባ ላይ ሳዞረው ሌላ ነገር አየሁ። ከአበባዋ ፊትና ኋላ ያለው ሁሉ፣ ቅጠሉ፣ አጥሩ፣ የጎረቤት ቆርቆሮ ቤት፣ ሟሙቶ ቀለም ብቻ ይሆናል። አበባዋ በዚያ ቀለም መሃል ብቻዋን ትቀራለች። ችግሩ፣ ከአምስት እርምጃ የቀረበውን ነገር ሌንሱ አያጠራም። ስለዚህ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ሁለት ጎኑን ቆርጬ፣ ውስጡን በጥላሸት አጥቁሬ፣ በካሜራውና በሌንሱ መሃል አስገባሁት። ሌንሱ ከካሜራው በራቀ መጠን ቅርቡን ያያል፤ ይህን የደረስኩበት ራሴ ነኝ። በኋላ አንድ መምህር ፎቶ ቤቴ መጥቶ «ይህ እኮ በመጽሐፍ ያለ ነው» አለኝ። መጽሐፉ ከእኔ ጋር ከተስማማ ጥሩ መጽሐፍ ነው።

በዚያች ቆርቆሮ የሙዝ አበባ አንስቻለሁ፤ የኩልፎ ወንዝ ዳር አትክልተኞች የራሳቸውን ሙዝ ሳያውቁት ቀርተዋል። የፓፓያ አበባ፣ የሽፈራው አበባ፣ የጥጥ አበባ አንስቻለሁ። ምዕራብ ዓባያ ድረስ ወርጄ አንዲት የጥጥ አበባ ጠዋት ቢጫ፣ ማታ ሐምራዊ ስትሆን እዚያው ተቀምጬ ውያለሁ። ከሁሉ የምኮራባት ግን በዚያች ቆርቆሮ ያላነሳኋት አንዲት ቀይ አበባ ነች።

የአጎቴ ልጅ ጨንቻ ሸማኔ ነበር። እጁ ወርቅ ነው፤ ከእኔ ቀጥሎ በዘመዶቻችን ውስጥ እንደ እርሱ ያለ ባለሙያ የለም። ሴት ልጁ በግንቦት ልታገባ ነው። ሙሽራው የኩልፎ ሙዝ አልሚ ስለሆነ ልጅቷ ከደጋው ጉም ወደ ቆላው ሙቀት መውረዷ ነው። እናቷ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች። ልጅቷ የምትለብሰው ነጠላ ጥለቱ ላይ ያቺ ቀይ አበባ እንድትኖር።

አበባዋ የት እንዳለች ልንገራችሁ። ከቤታቸው በላይ ማንም የማይገባበት የተከበረ ደን አለ። እዚያ እግር አይገባም፣ ዛፍ አይቆረጥም፣ ቅጠል አይቀጠፍም። ይህን መጣስ በጋሞ «ጎሜ» ነው፤ ነውር ብቻ ሳይሆን በቤትም በማሳም ላይ ችግር ያመጣል ተብሎ የሚፈራ ጥፋት። አበባዋ ከደኑ ድንበር አሥር እርምጃ ያህል ወደ ውስጥ፣ በጥላው ስር ነው የምትፈካው። ከደኑ ውጭ ያለው መሬት ሁሉ ስለታረሰ ሌላ ቦታ የለችም። ከድንበሩ ሆኖ የሚያይ ሰው በቅጠሎች መሃል ቀይ ነገር ያያል፤ ሌላ ምንም አይለይም። የሸማኔው ሚስት ልጅ ሳለች ግን አንዲቷ ከድንበሩ ወጥታ በአባቷ የእንሰት ጓሮ በቅላ ነበር። ሁለት ክረምት ቆይታ ጠፋች። ስለዚህ አበባዋን በቅርብ የምታውቃት እርሷ ብቻ ነች፤ ዳኛዋም እርሷ።

ባሏ ሦስት ናሙና ሸመነላት። እኔ ለጥየቃ በሄድኩበት ቀን ሦስቱንም ጭኗ ላይ ዘርግታ ነበር።

«ይኸኛው ቀይ ሽንኩርት ነው» አለች። «ይኸኛው ጃርት ነው። ይኸኛውን ደግሞ ምን እንደሆነ እሱም አያውቅም።»

«አንቺ ንገሪኝ ብልሽ 'ቀይ ናት፣ ክብ ናት' ትያለሽ» አለ ባሏ። «ሽንኩርትም ቀይ ነው፣ ክብም ነው!»

«ልጄ ሽንኩርት ለብሳ ቆላ አትወርድም።»

ያኔ ነው ጉሮሮዬን የጠረግኩት። «እኔ አመጣላችኋለሁ» አልኩ። «ሳልገባ፣ ሳልነካ።»

ሴትዮዋ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «አንተ ደግሞ ጀመረህ» አለች።

መጀመሪያ የደኑን ሥርዓት የሚጠብቁትን ሽማግሌ ማስፈቀድ ነበረብን። ቤታቸው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው አገኘናቸው። ጉዳዩን ከሰሙ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«እግርህ ይገባል?»

«አይገባም፣ አባባ።»

«እጅህስ?»

«አይገባም።»

«ታዲያ ምንህ ነው የሚገባው?»

«ዓይኔ ብቻ።»

ሽማግሌው ሳቁ። «ዓይንማ ማን ከልክሎ ያውቃል? የእኔም በየጠዋቱ ይገባል። ሂዱ።»

ቆርቆሮዬን አወለቅኩ፤ እርሷ ካለች ሌንሱ ሩቁን አያይም። የአጎቴ ልጅ ከጓሮው ሦስት ቀርከሃ ቆርጦ በገመድ አስሮ ማቆሚያ ሠራልኝ። ድንበሩ ላይ ከተደረደሩት ድንጋዮች ወዲህ ተከልኩት፤ አንዱም እግር ድንጋዩን እንዳያልፍ በጣት ለካን። ከዚያ ቀለበቱን ቀስ ብዬ አዞርኩ። ቅጠሎቹ ሟሙተው እንደ አረንጓዴ ጭስ ሆኑ፤ በጭሱ መሃል ቀይዋ ወጣች። በአንድ ዘንግ ላይ የቆመች ኳስ ነች። ኳሷ ግን መቶ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ቀጫጭን ቀይ ክሮች ነች፤ እያንዳንዱ ክር ጫፉ ላይ ቢጫ ፍሬ አለው። ሸማኔውን «ና እይ» አልኩት።

ዓይኑን መመልከቻው ላይ እንዳደረገ «ውይ!» ብሎ ወደ ኋላ ዘለለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እግሮቹን አየ። ሁለቱም ከድንጋዩ ወዲህ ናቸው። እንደገና አየ፤ እንደገና እግሩን ተመለከተ።

«የገባሁ መሰለኝ» አለኝ። ግንባሩ ላብ አውጥቷል።

«ያስገባሁህ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም ካለ የእኔ ነው» አልኩት። ሁለታችንም እስክንደክም ሳቅን።

ጥላው ጨለማ ስለሆነ ካሜራው ለረጅም ጊዜ መከፈት አለበት፤ ጣት ሲነካው ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ለቤተሰብ ፎቶ በምጠቀምበት፣ አሥር ሰከንድ ቆጥሮ ራሱ በሚያነሳው መዘውር አነሳሁ። ይህም የራሴ ፈጠራ ነው። ጨንቻ የጉም አገር ስለሆነች ፊልሙን ሳላጋምስ ጉሙ ከቁልቁለቱ ወጥቶ ደኑ ውስጥ ገባ። ቆሜ ጠበቅኩ፣ ሲገለጥ አነሳሁ፣ ሲመጣ ጠበቅኩ። ምሳችንን የተቀቀለ ድንችና ዳጣ እዚያው ድንበሩ ላይ በላን። አመሻሹ ላይ ሠላሳ ስድስቱ አለቀ።

ያኔ ባለቀለም ፊልም አርባ ምንጭ አይታጠብም፤ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ አዲስ አበባ ይላካል። በዘጠነኛው ቀን ተመለሰ። አብዛኛው ነጭ ጉም ነው። አምስቱ ግን ደህና ነበሩ፤ ከአምስቱ አንዷ እንዲህ ጠርታለች ብዬ ልገልጸው አልችልም። ክሮቹን መቁጠር ይቻላል፤ ቢጫው ፍሬ ላይ የተቀመጠች ጠብታ ሳትቀር ትታያለች። ፎቶ ቤቴን ዘግቼ በማግስቱ ጨንቻ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ የሸማኔው ሚስት የምታመሰግነኝን ቃል እያሰብኩ ነበር።

ሴትዮዋ ፎቶውን ከነፖስታው ተቀብላ ወደ በሩ ብርሃን ዞረች። ብዙ አየችው።

«ጎበዝ ነህ» አለች።

«አውቃለሁ» አልኩ።

«ይህ ለሐኪም የሚሆን ነው። ጅማቷን ሁሉ አውጥተህ አሳየኸኝ። እኔ ግን እንዲህ አድርጌ አይቻት አላውቅም።»

እመኑኝ፣ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ፖስታውን ከእጇ ስቀበል ከውስጡ አንድ ፎቶ መሬት ላይ ወደቀ። የተበላሸ ነበር። በጉሙ መሃል የካፖርቴ እጅጌ ቀለበቱን ነክቶት፣ አበባዋ ጠርዝ አጥታ ቀይ ትንፋሽ የመሰለችበት ነው። ላነሳው ጎንበስ ስል ቀደመችኝ።

«ይቺ ናት!» ብላ ጮኸች። «ይቺን ለምን ደበቅሃት?»

«የተበላሸ ነው፣ እቴ።»

«አንተ ነህ የተበላሸህ! ጠዋት ስነሳ ጓሮው ጉም ነው፤ በጉሙ ውስጥ እንዲህ ሆና ነበር የማያት። ይቺን ነው የምፈልገው።»

ባሏ ፎቶውን ወስዶ አየና ፊቱ ጠቆረ። «ጠርዝ የለውም» አለ። «ቀዩ የት ያልቃል? ነጩ የት ይጀምራል? ጥለት በክር እየተቆጠረ ነው የሚሠራው። የማያልቀውን ነገር እንዴት ልቁጠረው?»

ሠርጉ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ሚስቱ ሌላ አልቀበልም ብላለች። የአጎቴ ልጅ በሽመና ሕይወቱ «አልችልም» ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ የልጁ ነጠላ ላይ አልችልም ማለት ደግሞ ምን እንደሚያሳፍረው አውቃለሁ። ንዴቴን ትቼ እጁን ይዤ ወደ ደኑ ወሰድኩት።

ያነሳኋት አበባ ጠውልጋ ነበር፤ ከጎኗ ግን ሌላ ፈክታለች። ካሜራውን ቀርከሃው ላይ አሰርኩና «ፊልም የለውም፤ አንተ ዝም ብለህ እይ» አልኩት። እርሱ እያየ እኔ ቀለበቱን ቀስ እያልኩ አዞርኩ።

«እየጠፋች ነው» አለ።

«አልጠፋችም፤ እያት።»

«ቆይ... ተመለስ። ትንሽ። ትንሽ ተመለስ አልኩህ!»

መለስኩ። እንደገና አዞርኩ። ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ ሳንሄድበት አልቀረንም፤ ጣቶቼ በብርዱ ደነዘዙ። በመጨረሻ ሳይዘል፣ እግሩንም ሳያይ፣ ዓይኑን ከመመልከቻው ሳያነሳ ለራሱ መናገር ጀመረ።

«አያልቅም ያልኩት ስህተት ነው። መሃሏ ቀይ ብቻ ነው። ቀጥሎ ቀዩ ነጭ ያገባል። ቀጥሎ ነጩ ይበዛል፤ ቀዩ እንግዳ ይሆናል። ክሩን አላጠራውም ማለት ነው። ቀይና ነጩን አብሬ እገምደዋለሁ።»

«እንዴት?»

«አንተ ቀለበትህን ያዝ፤ ክሩን ለእኔ ተው» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ጉራ ሲመለስለት ሰውዬው ድኗል ማለት ነው።

እንዲህ አደረገ። በአግድም ከሚገባው ክር፣ ከማጉ ውስጥ፣ አንዱን ንጹህ ቀይ ተወው። ሌላውን ሁለት ቀይ አንድ ነጭ፣ ሌላውን አንድ ለአንድ፣ ሌላውን አንድ ቀይ ሦስት ነጭ አድርጎ ገመደ። ጉሙን ለማምጣት አረንጓዴ እንደዚሁ በነጭ ገመደ። መወርወሪያው ሙሉ ቀን ይሄድና ጥለቱ አንድ ስንዝር አይሞላም። በየእሑዱ እወጣ ነበር። እንደ ሸማኔ ሥርዓት የተሸመነው ወዲያው በመጠቅለያው እንጨት ላይ ስለሚጠቀለል፣ በማንኛውም ሰዓት የሚታየው ከሁለት ጣት አይበልጥም። እርሱም የሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ከአፍንጫው ስር ያለችውን ያያል፤ እኔም አጠገቡ ተንበርክኬ አያለሁ። ሚስቱን ሠርጉ ሳይደርስ እንዳታይ ከለከላት።

ስለዚህ አንዲት ነገር ሁለታችንም አላወቅንም። በሕይወቴ ያላወቅኩት ነገር ጥቂት ስለሆነ ይህችን በደንብ አስታውሳታለሁ።

የሠርጉ ጠዋት ነጠላው ከመጠቅለያው ተፈትቶ በሸማኔው ሚስት እጅ ላይ ተቀመጠ። ጥለቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

«የታለች?» አለች።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነቷን ነው፤ አበባ የለም። ነጠብጣብ፣ ጭረት፣ ቀይና ነጭ የተቀላቀለበት ክር ብቻ ነው።

«ወጥ የነካው ጨርቅ ነው የሚመስለው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። የአጎቴ ልጅ እጆቹን ብቻ ተመለከተ። ሚስቱ ነጠላውን አጣጥፋ ወደ ጎን አደረገችና ከሳጥኑ ሌላ፣ ተራ ሰማያዊ ጥለት ያለው አወጣች።

ያኔ ሙሽራዋ ተነሳች። እስከዚያ ሰዓት እንደ ሙሽራ ወግ አንገቷን ደፍታ ነበር።

«እማዬ፣ ያንን መልሺው» አለች።

«ልጄ፣ ሰው ምን ይላል?»

«የሚለውን ይበል። አባቴ አምስት ሳምንት ከጉድጓድ አልወጣም። እኔ ይሄንን ነው የምለብሰው።» የታጠፈውን ነጠላ ራሷ አንስታ፣ ራሷ ዘርግታ፣ ጥለቱን በጀርባዋ ጥላ ለበሰችው።

ዝናብ ጥሎ ስለነበር የሙሽራው መኪና ጭቃውን ፈርቶ ከታች መንገዱ ላይ ቆሟል። ከቤቱ እስከዚያ በእንሰቱ መሃል ረጅም ቁልቁለት ነው። እናትየው ከበሩ ላይ ቆማ ቀረች፤ እኔም ካሜራዬን ይዤ ከጎኗ ቆምኩ። ሙሽራዋ በሚዜዎች ተከባ፣ በዘፈንና በእልልታ፣ መውረድ ጀመረች። አሥር እርምጃ ሄደች። ሃያ እርምጃ ሄደች።

እናትየው ክንዴን ጨመደደችው።

ነጠብጣቡ ተሰብስቧል። ጭረቱ ተቃቅፏል። በልጅቷ ጀርባ ላይ፣ በነጭ ጉም ውስጥ፣ ቀይዋ ክብ ብላ ወጥታለች። ልጅቷ በራቀች ቁጥር አበባዋ ትለሰልሳለች፣ ትሞላለች፣ ትፈካለች።

«መጣች!» ብላ ጮኸች። «አንተ ሰውዬ፣ ና ውጣ እይ፣ መጣች!» ባሏ ከቤት እየሮጠ ወጣ፤ አየና በሩ መቃን ላይ ተደገፈ። አምስት ሳምንት አፍንጫው ስር አድርጎ የሠራትን ነገር ገና ያን ጊዜ አያት። ቀጥሎ እንደ ጎረምሳ አፏጨ።

እኔ መቼም ሥራዬን አልረሳም፤ መድፉን ትከሻዬ ላይ አነሳሁ። «እቴ፣ በዚህ ላሳይሽ» አልኳት። «አሁን ፊትሽ ድረስ ነው የማመጣልሽ።»

እጇን ሌንሱ ላይ ጫነችና ወደ ታች ገፋችው።

«እንዳታመጣት!» አለችኝ እየሳቀች። «ተዋት ትሂድ። ስትሄድ ነው ያማረባት።»

ሌንሱን በክዳኑ ዘጋሁት። ሰው «አታንሳ» ብሎኝ የታዘዝኩት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው።